ስለ ቤርሳቤህ ጕድጓድና ስለ በደዊን ሰዎች ታሪክ

አብርሃም በቤርሳቤህ ሰባት እንስት በጎች ለይቶ ለአቢሜሌክ ሰጠ። ስለ ምን ቢሉ፤ የአቢሜሌክ ሎሌዎች ጕድጓዱን ነጥቀውት ነበርና፥ የቆፈረው እርሱ እንደ ሆነ ምስክር ይሆኑት ዘንድ ነው። በድንኳን የሚኖር ሰው ውሃውን ያለ ምስክር አላኖረም። የዚያ አገር የኋላ ታሪክም ይህንኑ ይገልጣል።

ታሪክ፦ በዚያ አገር በግመልና በበግ የሚኖሩት በደዊን ይባላሉ። ዐረብ በድው የሚለውን ግእዝም በድው ይለዋል፤ የበዳ ሰው ማለት ነው። ቤታቸው እንደ ቄዳር ድንኳን ከፍየል ጠጕር የተሠራ ጥቍር ድንኳን ነበረ። ዝናም ሲዘንብ መንጋቸውን ወደ በዳው ያሰማሩ ነበር፤ ሲደርቅ ወደ ጕድጓዱ ይሰበሰቡ ነበር፤ በዘነበበትም ገብስ ይዘሩ ነበር። እንግዳ ቢመጣ ሦስት ቀን ያስተናግዱታል። ርስቱ የማን እንደ ሆነ በሽማግሌዎች ቃል ይታወቅ ነበር እንጂ በመዝገብ አልተጻፈም።

ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። በ1858 የቱርክ መንግሥት ምድር በመዝገብ ይጻፍ የሚል ሕግ አወጣ። በደዊን ግን ግብር እንዳይጣልባቸው፥ ልጆቻቸውም ለጦር እንዳይመለመሉ ፈርተው የሚበዙት ሳያስጽፉ ቀሩ። በ1900 ቱርኮች በቤርሳቤህ ከተማ ሠሩ። በ1921 እንግሊዞች ጠፍ ምድር ያቀና ሁሉ በሁለት ወር ውስጥ ያስጽፍ ብለው አዘዙ፤ ያን ጊዜም ያስጻፈው ጥቂት ነው። በ1948 በሆነው ጦርነት ከነጌብ በደዊን የሚበዙት ከአገራቸው ወጡ፤ እኵሌቶቹ ሸሹ፥ እኵሌቶቹም ተባረሩ። የቀሩት 11,000 ያህል ነበሩ። እነዚህንም የእስራኤል መንግሥት በተወሰነ ስፍራ ሰብስቦ እስከ 1966 ድረስ በጦር ሹማምንት አስተዳደራቸው። ከዚያ ወዲያ ከተሞች ሠራላቸው፤ ራሃት በ1972 ተመሠረተች። በከተማ የገቡት ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ቀረባቸው፤ መሰማርያው ግን ቀረ። መንግሥት በማያውቃቸው መንደሮች ያሉት ብዙዎች ግን ያለ ፈቃድ ሠራችሁ ተብለው ቤታቸው ይፈርሳል። በ2015 የአባቶቻችን ርስት ነው ብለው የተሟገቱ በደዊን በእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረቱ፤ ማስረጃቸው ለሕጉ አልበቃም ተብሏልና።

ምሥጢር፦ በግ አይናገርም፤ የአብርሃም ምስክር በምን ጸና ቢሉ፥ አቢሜሌክ ስለ ተቀበለውና ሁለቱም ስለ ማሉበት ነው። የበደዊን ምስክር የሽማግሌዎች ቃል ነበረ፤ የመንግሥት ምስክር መዝገብ ነው። አንዱ የሌላውን ምስክር ሳይቀበል ቢቀር ደካማው ጕድጓዱን ያጣል። ስለዚህ ርስት ያለው ርስቱን ያስጽፍ፤ በርስት የሚፈርድም፥ መጻፍ ያልለመደ ሕዝብ ምስክሩን በምን እንዳኖረ አስቀድሞ ይጠይቅ።