«በሕግ አምላክ» ብሎ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው

«በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይላሉ አበው። በፌብሩዋሪ 2017 በቴክሳስ ኤል ፓሶ ከተማ የሆነው ግን ሌላ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንዲት ስደተኛ ፍርድ ቤት ሄደች። ተከሳ አልነበረም። ይደበድበኛል ያለችው ሰው እንዳይደርስባት ዳኛ እንዲከለክልላት ፈልጋ ነው። የኢሚግሬሽን ፖሊሶች እዚያው ፍርድ ቤቱ ውስጥ ያዟት። ከሕግ ጥላ ልትጠለል የመጣች ሴት ከሕግ ቤት ተወሰደች።

ዜናው ብዙዎችን አስደነገጠ። ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። ፍርድ ቤት የመጣን ሰው መያዝ ይቻላል ወይ የሚለው ክርክር ከአሜሪካ ከራሷ ዕድሜ ይበልጣል።

በድሮዋ እንግሊዝ ዕዳ ያለበት ሰው ይታሰር ነበር። አበዳሪ ማዘዣ ካወጣ ተበዳሪውን ከመንገድ ላይ ያስይዘዋል። ታዲያ ይህ ተበዳሪ በሌላ ሰው ጉዳይ ለምስክርነት ቢጠራስ? አበዳሪው ቀኑንም ቦታውንም ያውቃል፤ የቀረው ከበር ቆሞ መጠበቅ ብቻ ነው። ይህን የሰማ ሌላ ምስክር ደግሞ በተጠራበት ቀን ከቤቱ አይወጣም።

የእንግሊዝ ዳኞች አደጋው ገባቸው። ከሳሽም ሆነ ተከሳሽ ወይም ምስክር፣ ወደ ችሎት ሲሄድ፣ በችሎት ሳለና ወደ ቤቱ ሲመለስ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ አይያዝም የሚል ደንብ አጸኑ። በ1760ዎቹ ዊልያም ብላክስተን የእንግሊዝን ሕግ በመጽሐፍ ሲያሰናዳ ይህን የታወቀ ሕግ አድርጎ አስፍሮታል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ ደንቡ የወንጀለኛ መደበቂያ አልነበረም፤ በወንጀል የሚፈለግ ሰው የትም ቢሆን ይያዛል። ሁለተኛ፣ ጥበቃው ለተበዳሪው አዝነው የሰጡት ምሕረት አይደለም። የተሰጠው ለፍርድ ቤቱ ሲባል ነው። ምስክር የሚፈራው ችሎት እውነትን ከየት አግኝቶ ይፈርዳል?

ደንቡ ከእንግሊዝ ሕግ ጋር ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። በ1916 አንድ የኮሎራዶ ነዋሪ ለራሱ ክርክር ወደ ኢሊኖይ ሄዶ ከችሎት ሲወጣ የሌላ ክስ መጥሪያ ተሰጠው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መጥሪያው አይጸናበትም አለ። እስራት እንኳ አይደለም፤ ወረቀት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውን በፍትሐ ብሔር ጉዳይ መያዝ እየቀረ ሲሄድ ደንቡም ከሕግ ተማሪዎች በቀር የሚያስታውሰው አጣ።

ከመጽሐፍ መደርደሪያ ያወረደው የኤል ፓሶ ዓይነቱ እስር ነው። ምክንያቱም ያለ ፈቃድ አሜሪካ ውስጥ መቆየት በራሱ የወንጀል ጉዳይ አይደለም፤ ከአገር የማስወጣት ክስ የፍትሐ ብሔር ነው። የኢሚግሬሽን ፖሊሱ፣ ማለትም አይስ፣ ይዞት የሚመጣውን ማዘዣም የሚፈርመው የራሱ የመሥሪያ ቤቱ ሹም እንጂ ዳኛ አይደለም። ጠበቆች ታዲያ «የድሮው ደንብ የሚከለክለው ይህንኑ ነው» አሉ።

በማርች 2017 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ታኒ ካንቲል ሳካውዬ ለዋሽንግተን ባለሥልጣናት ደብዳቤ ጽፈው ፍርድ ቤቶች የስደተኛ ማጥመጃ እንዳይሆኑ ጠየቁ። አይስም የራሱ መልስ ነበረው። በጃንዋሪ 2018 ባወጣው መመሪያ፣ ፍርድ ቤት የሚገባ ሰው በር ላይ ስለሚፈተሽ እዚያ መያዝ ለሁሉም አደጋው ያነሰ ነው፤ ደግሞም አንዳንድ ግዛቶች እስረኛ አሳልፈው አልሰጥም ስላሉ ሌላ አማራጭ አጣሁ አለ።

ክርክሩ ዳኞችንም ከፈለ። በጁን 2020 የኒው ዮርኩ ፌዴራል ዳኛ ጄድ ራኮፍ የድሮው ደንብ ዛሬም ይሠራል ብለው በአይስ ላይ ፈረዱ። በሴፕቴምበር ደግሞ የቦስተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ደንቡ መንግሥት ራሱ የሚያካሂደውን እስር መከልከሉ ግልጽ አይደለም ብሎ በማሳቹሴትስ የነበረውን እገዳ አነሳ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ኒው ዮርክ ነገሩን በሕግ ቋጨችው፤ ዳኛ የፈረመው ማዘዣ ከሌለ በግዛቷ ፍርድ ቤትም ሆነ በመንገዱ ላይ ባለጉዳይ በፍትሐ ብሔር አይያዝም። የፍትሕ ሚኒስቴር በጁን 2025 ይህን ሕግ ለማስሻር ከሰሰ፤ በኖቬምበር ክሱ ውድቅ ሆነ።

ይህ ሁሉ ግን የግዛት ፍርድ ቤቶች ታሪክ ነው። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ሌላ ቤት ነው። የሚተዳደረው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው፤ ዳኞቹም የሚኒስቴሩ ሠራተኞች ናቸው። የባይደን አስተዳደር በ2021 በሁለቱም ዓይነት ፍርድ ቤቶች የሚደረገውን እስር አጥብቦት ነበር፤ በጃንዋሪ 2025 ያ መመሪያ ተሻረ። ከሜይ 2025 ጀምሮ በብዙ ከተሞች አንድ ዓይነት ነገር ታየ። የመንግሥት ጠበቃ «ክሱ ይዘጋ» ይላል። ስደተኛው ጉዳዩ ያለቀለት መስሎት ከችሎት ይወጣል። ኮሪደሩ ላይ ፊታቸውን የሸፈኑ ፖሊሶች ይጠብቁታል። የክሱ መዘጋት፣ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ በፍጥነት የሚባረርበትን መንገድ ይከፍታል። በኒው ዮርክ 26 ፌዴራል ፕላዛ የተባለው ሕንፃ በዚህ ስሙ ገነነ።

በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በሌላ ከተማ ጥገኝነት ጠይቆ ቀጠሮ የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ ያለበት ጭንቅ ይኸው ነው። ቢሄድ ሊያዝ ይችላል። ቢቀር በሌለበት ይፈረድበታል፤ የማስወጣት ትዕዛዝ አንዴ ከወጣ ደግሞ መቀልበሱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ መቅረት መፍትሔ አይሆንም። ከቀጠሮው ቀን አስቀድሞ ጠበቃ ማማከር፣ በቪዲዮ ልቅረብ ብሎ ማመልከት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል።

የድሮዎቹ የእንግሊዝ ዳኞች ለስደተኛ አልተጨነቁም፤ ስለ ስደተኛም አላሰቡም። የተጨነቁት ለችሎታቸው ነው። አበዳሪ ገንዘቡን ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ ያስከፍላል፤ የፈራ ምስክር ግን ተመልሶ አይመጣም። የኤል ፓሶዋ ሴት መያዟን የሰማች፣ ቤቷ ውስጥ የምትደበደብ ሌላ ስደተኛ ነገ «በሕግ አምላክ» ብላ ወዴት ትሂድ?