የትኛውን ሰዓት እንመን?

እዚህ ሄሉ ቀጠሮ ሲሰጥ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ ያለ ነው። ሞያሌ ከወዲያም ከወዲህም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማል። በስዋሂሊም «ሳ ታቱ» ማለት እንደኛው ሦስት ሰዓት ነው፤ የእንግሊዝኛው ወረቀት ግን 9 ብሎ ይጽፈዋል። ሰዓቱ ያው አንድ ነው፣ የሚለየው ንባቡ ነው። ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ችግር ከዚህ ይከፋል፤ እዚያ ሰዓቶቹ ራሳቸው ይለያያሉ።

በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው አይቢኤም ፒሲ ሲጠፋ ሰዓቱንም ይረሳ ነበር፤ በተከፈተ ቁጥር ቀንና ሰዓት ይጠይቃል። በ1984 የመጣው ኤቲ ሞዴል ላይ በባትሪ የሚሠራ የሞቶሮላ ሰዓት ቺፕ ተገጠመ። ከዚያ ወዲህ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ሲነሳ ቺፑን አንዴ ያነብና በራሱ ቆጣሪ ይቀጥላል።

የሊኑክስ የሰዓት ድራይቨር ለብዙ ዓመት የተጻፈው ማሽኑ አንድ ቺፕ ብቻ አለው ተብሎ ነው። ትንንሾቹ ማሽኖች ግን በፕሮሰሰሩ ውስጥ አንድ፣ በቦርዱ ላይ ደግሞ ባትሪ ያለው ሌላ ቺፕ ይዘው መጡ። ሁለተኛው መግቢያ አጣ። በ2006 የወጣው ከርነል 2.6.17 የጋራውን ሥራ በአንድ ቦታ ሰበሰበ፤ እያንዳንዱ ድራይቨር የራሱን ቺፕ ማንበብና ማስተካከል ብቻ ቀረለት፤ ቺፖቹም አርቲሲ 0፣ አርቲሲ 1 እየተባሉ ቁጥር አገኙ።

ታዲያ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ካልተወሰነ በቀር ቀድሞ የተመዘገበ 0 ይሆናል፤ ማሽኑ ሲነሳ የሚነበበውም አብዛኛውን ጊዜ 0 ነው። ባትሪ የሌለው ከቀደመ ማሽኑ 1970 ላይ ነኝ ሊል ይችላል፣ ትክክለኛው ሰዓት አጠገቡ እየቆጠረ! መፍትሔው የትኛው 0 እንደሚሆን በቦርዱ የሃርድዌር መግለጫ ፋይል ላይ መወሰን ነው።

ኢንተርኔት ባለበት ሰዓቱ ከኔትወርክ ይታረማል። በሶላር ለሚሠራ፣ መስመር ለሌለው ክፍል ግን ያለው ቺፑ ብቻ ነው። ርካሹ ራስበሪ ፓይ እንኳ በ2012 ሲወጣ የሰዓት ቺፕ አልነበረውም፤ እስከ 2023ቱ ፓይ 5 ድረስ ለብቻው እየተገዛ ይጨመርበት ነበር። የፈተና ውጤት 1970 ተብሎ ከተመዘገበ ማን ያምነዋል? ስደተኛ ተማሪ ደግሞ ሌላ ማስረጃ ብዙም የለው።

ስለዚህ ማሽን ስትረከቡ ኔትወርኩን ነቅላችሁ፣ አጥፍታችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ጠዋት ቀኑ ተዛብቶ ካገኛችሁት መጀመሪያ ባትሪውን እዩ፤ ባትሪው ደህና ከሆነ የቺፖቹን ቁጥር።