ካርዱ የገዢው፣ ድራይቨሩ የሻጩ

በታኅሣሥ 2000 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስሪ-ዲኤፍኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዋና ዋና ንብረቱን ለተፎካካሪው ለኤንቪዲያ ሊሸጥ መስማማቱን አስታወቀ። ስሙን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። በ1996 ግን ቩዱ የተባለውን ግራፊክስ ካርድ ለገበያ አቅርቦ የስሪዲ ጌምን ወደ ቤት ኮምፒውተር ካስገቡት ኩባንያዎች ግንባር ቀደሙ እሱ ነበር። ኤንቪዲያ የፈጠራ መብቶቹንና የንግድ ምልክቱን ወሰደ፤ ቀደም ሲል ለተሸጡት ካርዶች አዲስ ድራይቨር የመሥራት ኃላፊነት ግን አልወሰደም። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲወጣ የቩዱ ባለቤቶች ግራ ተጋቡ። ቺፑ ደህና ነው፣ ሜሞሪው ደህና ነው፣ አንድም የተቃጠለ ነገር የለም፤ ነገር ግን ካርዱን ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር በቅጡ የሚያግባባ ድራይቨር የሚሠራ ኩባንያ የለም። ክፍተቱን የሞሉት የዊንዶውስ 2000ን ድራይቨር እየጠጋገኑ በነፃ ያከፋፈሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ ነው። ጌሙ ወይም የቪዲዮ ማቀናበሪያው «ይህን ሣል» ይላል፤ ካርዱ የራሱ ቋንቋ አለው፤ መሐል ቆሞ የሚያስተረጉመው ድራይቨሩ ነው። አስተርጓሚ የያዘ ሰው ደግሞ የተባለው ነገር በትክክል መተላለፉን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።

ይህ ባዶ ጥርጣሬ አልነበረም። በ2001 ኤቲአይ የተባለው ኩባንያ ራዲዮን 8500 የተሰኘ ካርድ አወጣ። የዚያን ጊዜ የካርድ ፍጥነት ከሚለካባቸው ጌሞች አንዱ ኩዌክ 3 ነበር። የቴክኖሎጂ ጸሐፊዎች ቀላል ሙከራ አደረጉ፦ በጌሙ ፋይል ውስጥ «ኩዌክ» የሚለውን ስም «ኩዋክ» ብለው ቀየሩት። ጌሙ ያው ነው፣ ካርዱም ያው ነው፤ ፍጥነቱ ግን ቀነሰ፣ ምስሉም ጠራ። ድራይቨሩ የጌሙን ስም ሲያይ የምስሉን ጥራት ዝቅ እያደረገ ፍጥነት ይጨምር ነበር ማለት ነው። ተማሪው መጽሐፉን ሳይሆን የፈተናውን ጥያቄ እንዳጠና ዓይነት። ኤቲአይ በሚቀጥለው ድራይቨር አስተካከለው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 2003፣ ስሪዲማርክ የተባለውን መለኪያ የሚያዘጋጀው ፊውቸርማርክ ኤንቪዲያንም በተመሳሳይ ድርጊት ከሰሰ፤ ብዙም ሳይቆይ አገላለጹን አለዘበ። ያኔ ድራይቨር አፕዴት ያደረገ ሰው የተጨመረለትን ፍጥነት እንጂ የተቀነሰበትን ጥራት የሚነግረው አልነበረም።

ከዚያ ቪስታ መጣ። ማይክሮሶፍት በጥር 2007 ቪስታን ለሕዝብ ሲለቅ የግራፊክስ ድራይቨሩን አሠራር ከሥሩ ቀይሮ ነበር። ምክንያቱም አጥጋቢ ነበር። በቀድሞው አሠራር ድራይቨሩ የሚሠራው በዊንዶውስ የውስጠኛ ክፍል ስለነበር፣ እሱ ሲሳሳት ኮምፒውተሩ በሙሉ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። በአዲሱ አብዛኛው ሥራ ከውስጠኛው ክፍል ወጣ፤ ድራይቨሩ ቢደነዝዝ ዊንዶውስ መልሶ ያስነሳዋል። ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ ሲመለስ «ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ ነበር፣ አሁን ተመልሷል» የሚለው መልእክት የዚህ ለውጥ ልጅ ነው። ግን አዲስ አሠራር አዲስ ድራይቨር ይጠይቃል፣ ኩባንያዎቹም በሰዓቱ አልደረሱም። በኋላ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በማይክሮሶፍት ላይ በቀረበ ክስ ምክንያት ይፋ የሆኑ የውስጥ ሰነዶች በ2007 ከተመዘገቡት የቪስታ ብልሽቶች 28.8 በመቶው የኤንቪዲያ ድራይቨሮች ጣጣ እንደነበር አሳዩ። የማይክሮሶፍት የራሱ ድርሻ 17.9 በመቶ ነበር። ተጠቃሚው ግን ሲያማርር የከረመው በቪስታ ነው፤ የድራይቨሩን ስም ማን ያውቀዋል?

በመጋቢት 2010 ደግሞ ጉዳዩ ከሶፍትዌር አልፎ ወደ ዕቃው ደረሰ። ኤንቪዲያ 196.75 ብሎ የለቀቀው ድራይቨር በአንዳንድ ካርዶች ላይ ማራገቢያው ሙቀቱን ተከትሎ እንዳይፈጥን አደረገ። ካርዳቸው ከመጠን በላይ የጋለባቸው ሰዎች አቤት አሉ፣ ኩባንያው ድራይቨሩን ከድረ ገጹ አነሳ። «አዲስ ስለሆነ ይሻላል» ብሎ በወጣበት ቀን መጫን ከዚያ ወዲህ በብዙ ባለሙያዎች ዘንድ የማይመከር ሆኗል፤ ዊንዶውስም ከኤክስፒ ጀምሮ ወደ ቀድሞው ድራይቨር የመመለሻ ምርጫ ያስቀመጠው ያለ ነገር አይደለም።

እስካሁን የተወሱት ስህተትና ብልጣ ብልጥነት ናቸው። ቀጥሎ የመጣው ግን በግልጽ የተነገረ ሥልጣን ነው። በ2017 መጨረሻ ኤንቪዲያ የጂፎርስ ድራይቨር የፈቃድ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመረ፦ ይህ ድራይቨር ከብሎክቼይን ሥራ በቀር በዳታ ሴንተር ውስጥ እንዳይሠራ። ካርዱ የተሸጠ ነው፣ ገዢው የፈለገው ቦታ ሊያስቀምጠው ይችላል። ያለ ድራይቨር ግን የሚሠራው ነገር የለም፤ ስለዚህ ካርዱን መከልከል ሳያስፈልግ ድራይቨሩን መከልከል በቂ ሆነ። በየካቲት 2021 ደግሞ የክሪፕቶ ቆፋሪዎች ገበያውን ሲያራቁቱት፣ ኩባንያው አርቲኤክስ 3060 የተባለውን ካርድ ኢቴሪየም ሲቆፍር አቅሙ በግማሽ ገደማ እንዲቀንስ አድርጎ አወጣው። በቀጣዩ ወር ራሱ ኤንቪዲያ በስህተት የለቀቀው 470.05 የተባለ የሙከራ ድራይቨር ገደቡን አነሳው። ለጌም ተጫዋቾች የታሰበ በጎ ነገር ነበር ቢባል እንኳ፣ የተሸጠ ዕቃ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚወስነው አንድ ፋይል መሆኑን ከዚህ በላይ ያሳየ አጋጣሚ የለም።

ይህን ቀድመው ያዩት የሊኑክስ ሰዎች ናቸው። ኤኤምዲ ኤቲአይን በ2006 ከገዛ በኋላ፣ በ2007 የካርዶቹን ቴክኒካዊ ሰነዶች ለሕዝብ መልቀቅ ጀመረ። ኤንቪዲያ ዘግቶ ቆየ። በ2012 የሊኑክስ መሥራች ሊኑስ ቶርቫልድስ በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ መሐል ጣቱን ለካሜራ አሳይቶ ኩባንያውን በስሙ ጠርቶ ሰደበ። በየካቲት 2022 ላፕሰስ የተባለ የሰርጎ ገቦች ቡድን የኩባንያውን መረጃ ዘርፎ ድራይቨሮቹን ኦፕን ሶርስ እንዲያደርግ ጠየቀ፤ የቅሚያ ጥያቄ ነበር፣ ሊመሰገን አይገባውም። በግንቦት 2022 ኤንቪዲያ የሊኑክስ ድራይቨሩን የውስጠኛ ክፍል ኮድ ከፈተ። የተከፈተው ግን ከ2018 ወዲህ ለወጡት፣ ቱሪንግና ከዚያ በኋላ ለመጡት ካርዶች ብቻ ነው።

ይህ ገደብ ዛሬ ማንን እንደሚነካ ለማየት ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ የሚሠራ አንድ የአዲስ አበባ ዲዛይነር ማሰብ ይበቃል። ካርዱ በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1060 ነው እንበል። ኤንቪዲያ ለዚህ ትውልድ መደበኛ ድራይቨር መልቀቁን በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እስከ ጥቅምት 2028 ድረስ በየሩብ ዓመቱ የሚለቀቅ የደህንነት ጥገና ነው። እውነቱን ለመናገር ዘጠኝ ዓመት አጭር ዕድሜ አይደለም፤ የቩዱ ባለቤቶች ይህን ቢያገኙ በደስታ በተቀበሉት ነበር። ጥገናዎቹም መጫን አለባቸው፤ በድራይቨር ውስጥ ያለ ቀዳዳ ኮምፒውተሩን በሙሉ ለሰርጎ ገብ ሊከፍት ይችላልና።

ልዩነቱ ከ2028 በኋላ ነው። በ2001 በጎ ፈቃደኞች ቩዱን ማዳን ችለው ነበር። የጂቲኤክስ 1060 ውስጣዊ ፕሮግራም ግን የኤንቪዲያን ዲጂታል ፊርማ ይጠይቃል። ኑቮ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ድራይቨር ካርዱን ቀስቅሶ ምስል ማሳየት ይችላል፤ ፊርማው ስለሌለው ግን የቺፑን ፍጥነት ከመነሻው ከፍ ማድረግ አይችልም። የኤንቪዲያ ድራይቨር በሚያገኘው ፍጥነት ፋንታ ካርዱ ኮምፒውተሩ ሲበራ በነበረው ዝቅተኛ ፍጥነት እየተጎተተ ይቀራል።