ከአውሽዊትዝ የሞት ምስክር ወረቀት አምጡ

ባንክ የሟችን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የሞት ማስረጃና የወራሽነት ማረጋገጫ ይጠይቃል። እኛም አገር ፍርድ ቤት ሳይረገጥ ብር አይወጣም። ደንቡ ሟችን ከአጭበርባሪ ለመጠበቅ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወራሽ ማባረሪያ ሆነ።

ብዙ አይሁዶች ከናዚ ለማሸሽ ገንዘባቸውን በስዊስ ባንኮች አስቀምጠው ነበር። ጦርነቱ አብቅቶ ልጆቻቸው ሲጠይቁ "የአባታችሁን የሞት ምስክር ወረቀት አምጡ" ተባሉ። የጋዝ ክፍል ለማን ወረቀት ጽፎ ያውቃል? የአባቱን የሂሳብ ዝርዝር የማያውቀውን ደግሞ የ1934ቱ (እ.ኤ.አ.) የባንክ ሚስጥር ሕግ መለሰው። ገንዘቡም ዝም ብሎ አልተኛም፤ ባንኮቹ የአገልግሎት ክፍያ እየቆረጡ ብዙ ሂሳቦችን ባዶ አስቀሩ።

በ1962 መንግሥት የጠፉ ሰዎችን ሂሳብ እንዲያሳውቁ አዘዘ። ፈላጊዎቹ ራሳቸው ባንኮቹ ነበሩና (ምን ይጠበቃል?) የተገኘው 10 ሚሊዮን ፍራንክ ገደማ ብቻ ነው። በጥር 1997 ክሪስቶፍ ማይሊ የተባለ የጥበቃ ሠራተኛ ዙሪክ በሚጠብቀው ባንክ ሊቆራረጡ የተዘጋጁ የቆዩ ሰነዶችን አግኝቶ ይዞ ወጣ። በዓመቱ፣ በነሐሴ 1998፣ የአሜሪካ ክስ ያስጨነቃቸው ትልልቆቹ ባንኮች 1.25 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ። ፖል ቮልከር የመሩት ኮሚቴ በ1999 ከናዚ ሰለባዎች ጋር ሊገናኙ የሚችሉ 54,000 ያህል ሂሳቦችን ቆጠረ።

ዛሬ የስዊስ ባንኮች ለ60 ዓመት ጠያቂ ያጣ ሂሳብ ሲኖር የባለቤቱን ስም ይፋ ያወጣሉ። በተሰጠው ጊዜ ወራሽ ካልቀረበ ገንዘቡ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል።