ትንሿ ማድ ቤት

አንባቢ ሆይ፤ የከተማ ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ቤተ መንግሥቱና አደባባዩ ነው። እኛ ግን ዛሬ ከጣት የማትበልጥ ጀበናና ከመዳፍ የማትሰፋ ምጣድ ይዘን ወደ አራዳ እንሄዳለን።

አራዳ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ታላቅ ገበያ የነበረበት ስፍራ ነው። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ ስፍራውን በቋንቋቸው አደባባይ ሲሉ ፒያሳ አሉት፤ የአገሬውንም ገበያ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ወደ አዲስ ከተማ አዛወሩት። ሸክላውም ከገበያው ጋራ ሄደ። የአራዳ ልጆች ግን ዕቃ ዕቃ መጫወታቸውን አልተዉም፤ ገሉን ምጣድ፥ ቆርኪውን ድስት፥ ቀይ አፈሩን በርበሬ አድርገው በግቢያቸው ጥግ ማድ ቤት ያቋቁሙ ነበር። ይህን የልጅ ነገር ብሎ የሚንቅ አይጠፋም፤ ነገር ግን ጉልቻው ከሦስት አይጎድልም፥ ምጣዱም ያለ አክንባሎ አይቀርም።

ይህንኑ ነገር ሙያ ያደረጉት በጎንደር አጠገብ በወለቃ መንደር የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ናቸው። ሸክላ ሠሪነት በአገራችን ሲያስንቅ የኖረ ሙያ ነው፤ ባለሙያዎቹም ቡዳ እየተባሉ ተሰድበውበታል። ጀበናውን በየቤቱ እያከበሩ ሠሪዋን መናቅ በእውነቱ የሚያሳፍር ነገር ነው። እነዚህ ሴቶች እንጀራ የምትጋግረውን፥ እህል የምትፈጨውን ሴት ከነዕቃዋ በመዳፍ ልክ እየሠሩ ለአገር ጎብኚ ይሸጡ ነበር። መንኰራኵር የለም፤ ሁሉም በእጅ ነው። ትንሹም ከትልቁ ይልቅ ያስቸግራል፤ በጋን ላይ የማይታወቀው ጠጠር ጣት በምታህል ጀበና አንገት ላይ ቋጥኝ ሆኖ ይታያልና። በሚገባ ያልደረቀው ደግሞ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ከቤተ እስራኤል ብዙዎቹ በ1977ና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄዱ።

በፒያሳም በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙው ሰፈር ፈረሰ፤ ጭስ ያጠቆራቸው ማድ ቤቶችም አብረው ሄዱ። ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተሰብ የሚጋግረው በኤሌክትሪክ ነው፤ ምጣድ ቢኖረውም ጉልቻ የለውም። ጉልቻ ምን እንደ ሆነ ለልጁ ሊያሳይ የሚወድ አባት ትንሹን ሸክላ መፈለግ ይኖርበታል።

እንግዲህ ከፒያሳ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና ስትወርድ ከመታሰቢያ ዕቃ መደብር ትንሽ ጀበና የምትገዛ እንደ ሆነ አስቀድመህ አንገቷን ተመልከት። እኔ የምለየው በዚህ ነው፤ ሠሪዋ ትልቁን የምታውቅ ከሆነች አንገቱን ክፍት ታደርገዋለች፤ ጠብታ ውሃ ብትጨምርባትም ጀበናዋ መልሳ ትቀዳልሃለች።