የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በግል ጤና ተቋም

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በአደጋ፣ በሕመም፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በዕድሜ መግፋት የተዳከመ የሰውነት እንቅስቃሴን መርምሮ እንዲያገግም የሚያግዝ የጤና ባለሙያ ነው።

ሥልጠናና ፈቃድ
በአገራችን በሙያው ከሚያሠለጥኑ ተቋማት አንዱ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ተመራቂው አገልግሎት መስጠት የሚችለው የሙያ ፈቃድ ሲያገኝ ሲሆን፣ ፈቃዱንም በየጊዜው ማሳደስ ይጠበቅበታል። የራሱን ተቋም ሲከፍት ግን የሙያ ፈቃዱ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ተቋሙም የብቃት ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል።

የዕለት ተዕለት ሥራ
ባለሙያው በስትሮክ የተጎዳ ታካሚ እንዲቀመጥ፣ እንዲቆምና እንዲራመድ ደረጃ በደረጃ ያለማምዳል። ስብራቱ የጠገነ ሰው የደረቀ መገጣጠሚያውን እንዲያንቀሳቅስ ይረዳል፤ ወገቡን ለታመመ ሰው የዕቃ አነሣሥና የአቀማመጥ ሥርዓት ያስተምራል። ማሸት የሥራው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ለውጥ የሚመጣው በአብዛኛው ታካሚው በቤቱ አዘውትሮ በሚሠራው እንቅስቃሴ ነው።

ተገልጋዮች ሊያውቁት የሚገባ
ተገልጋዮች ሕክምና ከመጀመራቸው በፊት የባለሙያውንና የተቋሙን ፈቃድ፣ የሕክምናውን ግብ፣ የሚያስፈልገውን የቀጠሮ ብዛትና ክፍያውን ሊጠይቁ ይገባል። ክፍያው ከዐቅም በላይ ከሆነ ሕክምናውን ከማቋረጥ ይልቅ ለባለሙያው ማሳወቅ ይመረጣል፤ ባለሙያው ቀጠሮዎቹን አራርቆ በቤት የሚሠራ የልምምድ መርሐ ግብር ሊያዘጋጅ ወይም ታካሚውን ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሊልክ ይችላል።

ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው ወይም እግሩ በድንገት የዛለ ሰው የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ በአፋጣኝ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።