ምርቃትና ውለታ፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ለቤታቸው የመለሱት

በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአምባሰል ተራሮች አጠገብ በተንጣለለው ሐይቅ ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ቦታው በጥንት ዘመን ዙሪያውን ውኃ የከበበው ደሴት ነበር፤ ዛሬ ግን በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዟል። ስለ ገዳሙ ዝና ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ያልተመረመረው ግን አንድ የትምህርት ቤት ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የኖረው በማን ትከሻ ላይ ቆሞ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ነገሥታት ርስትና ጉልት እንደ ሰጡት አይካድም። ነገር ግን ጉልት መጽሐፍ አይገለብጥም፤ ጀማሪውን ልጅ ከጎኑ አስቀምጦ አያስቀጽልም። ይህን ሥራ የሚሠራው ከቤቱ ተምሮ የወጣና ውለታውን ያልረሳ ሰው ነው። የሐይቅ ታሪክ በዚህ ረገድ ለማናቸውም ትምህርት ቤትና ለማናቸውም የሙያ ማኅበር የሚሆን ትምህርት አለው።

ሥርዓተ ገዳሙን ያቆሙት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ራሳቸው የሌላ ቤት ተማሪ ነበሩ። የትውልድ አገራቸው ዳኅና ሲሆን፣ በወጣትነታቸው ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው በአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተምረዋል። ገድላቸው እንደሚተርከው በዚያ መጻሕፍትን በመጻፍ ሥራ ተግተው ነበር። ወደ ሐይቅ የመጡት በ1248 ገደማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከእርሳቸው አስቀድሞ በቦታው እንደ ነበረ በትውፊት ይነገራል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያመጡት አዲስ ነገር የማኅበር ኑሮን ሥርዓትና ትምህርት ቤቱን ነው። ከደብረ ዳሞ የተቀበሉትን ዕውቀት ይዘው አልተቀመጡበትም፤ በሌላ ምድር ተከሉት። ዛሬም በገዳሙ ስማቸውን የያዘ አንድ ወንጌል አለ። በ1280 እና በ1281 መካከል የተጻፈው ይህ የአራቱ ወንጌላውያን መጽሐፍ ሥዕል ካላቸውና ዘመናቸው በውስጣቸው ተመዝግቦ ከሚገኝ የግዕዝ መጻሕፍት ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ ለእስጢፋኖስ ቤት መሰጠቱን የሚናገር ማስታወሻም ይዟል። ቃልን ከማስተማር ጋር መጽሐፍን ለቤቱ መተው እንደሚያስፈልግ መምህሩ በሥራቸው አሳይተዋል።

የአብነት ትምህርት ቤት ኑሮ እንደሚታወቀው በአገልግሎት ላይ የተመሠረተ ነው። ጀማሪው ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ይለምናል፤ ከፍ ያለው ተማሪ ደግሞ ቀን ከመምህሩ የተማረውን ማታ ለታናናሾቹ ያስቀጽላል። አንድ መምህር ብዙ ደቀ መዛሙርትን ሊያስተምር የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ትምህርቱ ከመምህሩ ብቻ የሚፈስ ሳይሆን ቀድሞ የገባው ለኋለኛው የሚያቀብለው ነበር። በዚህም ልማድ ያደገ ሰው ከቤቱ ሲወጣ አገልግሎቱ ያበቃ አይመስለውም።

ለዚህ ከሁሉ የጐላው ምሳሌ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ናቸው። በ14ኛው መቶ ዓመት ወደ ሐይቅ ለትምህርት በገቡ ጊዜ ትምህርቱ አልገባ ብሏቸው እንደ ነበር፣ በዚያም ወራት ለማኅበሩ እህል እየፈጩ ያገለግሉ እንደ ነበር ገድላቸው ይተርካል። ቤቱ ያንን ደካማ ተማሪ አላባረረም፤ በወፍጮው አጠገብ ታግሦ አቆየው። ኋላ ያ ተማሪ በ1424 መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰ ሊቅ ሆነ፤ በእርሱ ስም የሚጠራው ሰዓታትም እስከ ዛሬ በየአድባራቱ ይቆማል። ከሐይቅ ወፍጮ ቤት የተጀመረው አገልግሎት በመላው ኢትዮጵያ ላሉ ቤቶች ሁሉ የሚበቃ ፍሬ አፈራ ማለት ነው። የተማሪን ውለታ በዕለቱ ብቻ የሚመዝን መምህር እንዲህ ያለውን መከር አያይም።

ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ብዙዎቹ ርቀው ሄዱ። አቡነ ኂሩተ አምላክ በጣና ሐይቅ በዳጋ ደሴት ገዳም መሠረቱ፤ ያም ገዳም እንደ እናቱ ቤት በሐይቅ መካከል የቆመ፣ እንደ እናቱም በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የሚጠራ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ ወደ ሸዋ ተመልሰው በደብረ አስቦ ማኅበር አቋቋሙ፤ እርሱም በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ሊባኖስ ተባለ።

የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ነገር ግን ከመሄድ ይልቅ በመመለስ የሚታወስ ነው። በደብረ ሊባኖስ ትውፊት እንደሚተረከው፣ በሐይቅ ዓመታት ከተማሩ በኋላ ወደ መምህራቸው መምህር ወደ አባ ዮሐኒ ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ፤ በዚያም ቆብና አስኬማ ተቀበሉ። ከዚያ በቀጥታ ወደ አገራቸው አልተጓዙም። አስቀድመው ወደ ሐይቅ ተመለሱና ያገኙትን ቆብና አስኬማ ለአስተማሯቸው ለአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሰጡ። መምህሩም ከተማሪው እጅ ተቀበሉ። በሐይቅ በኩል ያለው ትረካ ይህን በሌላ መልክ ያቀርበዋል፤ በዚህም ምክንያት ማን ለማን ሰጠ የሚለው ጥያቄ በሁለቱ ቤቶች መካከል የቀደምትነት ክርክር ሆኖ ቆይቷል።

ክርክሩ የከንቱ አልነበረም። የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት በሚለው ማዕርግ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን የነበረው ሰው ነው፤ የደብረ ሊባኖስ አለቃ እጨጌም ኋላ ከሁሉ የላቀውን የመነኮሳት አለቅነት ያዘ። ስለዚህ የሁለት ቅዱሳን ሰዎች የፍቅር ሥራ በተከታዮቻቸው ዘንድ የክብር ማስረጃ ሆነ። ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። የተማረ ሰው ወደ አሳደገው ቤት በሁለት መንገድ ሊመለስ ይችላል፤ አንዱ ቤቱ የጐደለውን ይዞ መምጣት ነው፤ ሁለተኛው ከቤቱ ስም ድርሻ ሊጠይቅ መምጣት ነው። የመጀመሪያው ቤቱን ይሠራዋል፤ ሁለተኛው በልጆቹ መካከል ክርክር ይተክላል።

የዚህ ልዩነት ብርታት የሚታየው በክፉ ቀን ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድ ጦር ሐይቅ ድረስ በዘለቀ ጊዜ ደሴትነቱ ገዳሙን አላዳነውም፤ የዐቃቤ ሰዓትነቱም ኃይል ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ማዕርጉ ሲደበዝዝ ግን የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ተርፎ ለእኛ ዘመን ደረሰ። እያንዳንዱ ትውልድ መጽሐፉን ከእርጥበትና ከእሳት ሲጠብቅ፣ ሲሸሽግና ለተከታዩ ሲያስረክብ ስሙ አልተመዘገበለትም። እነዚህ ስም የለሽ ጠባቂዎች የሐይቅ ተማሪዎች ነበሩ።

በቅርቡም ዘመን ይህ መንፈስ በሌላ መልክ ታይቷል። በ1973 በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ በተጀመረ ጊዜ ከተነሡት መካከል የሐይቁ ወንጌል አንዱ ነበር። የእነዚያን ፊልሞች ዝርዝር ከአዘጋጁት ሊቃውንት ዋናው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በልጅነታቸው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የተማሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው፣ በ1975 በጥይት ከቆሰሉ በኋላ መራመድ አልቻሉም፤ ከአገራቸው ርቀው በአሜሪካ ተቀምጠው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ እስከ 2021 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ሲያነቡና ሲያስነብቡ ኖረዋል። ወደ ቤት መመለስ የግድ በእግር እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

የቀድሞ ተማሪዎች ለትምህርት ቤታቸው በፈቃደኝነት የሚያገለግሉበት ልማድ በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። በአሜሪካ በ1776 በዊሊያምና ሜሪ ኮሌጅ ፋይ ቤታ ካፓ የተባለው የተማሪዎች ማኅበር ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ የኮሌጅ ወንድማማች ማኅበራት ተነሥተዋል፤ ተመራቂዎቻቸውም ተመልሰው ወጣቶቹን እንዲመክሩና እንዲረዱ ይጠበቅባቸዋል። ለእኛ ግን ነገሩ ከባሕር ማዶ የሚዋስ አይደለም፤ በቋንቋችን ውስጥ አለ። የአብነት ተማሪ ትምህርቱን ሲፈጽም መምህሩ መርቆ ያሰናብተዋል፤ ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣውንም ተመራቂ የምንለው ከዚሁ ነው። የተመረቀ ሰው ቃሉን ከመራቂው ተቀብሏል፤ የተቀበለውን ደግሞ የማስተላለፍ ዕዳ አለበት።

ይህ ዕዳ ዛሬ ይበልጥ ይታያል። በ2021 ማብቂያ ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን ባዳረሰ ጊዜ በአካባቢው ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል። ሕንፃውን ለማደስ መንግሥትና ለጋሾች ይደክማሉ፤ የተበተነውን ቤተ መጻሕፍት መልሶ ለመደርደር፣ ለጀማሪ መምህር በትርፍ ሰዓት አጠገቡ ለመቀመጥ፣ ያልገባውን ተማሪ ታግሦ ለማስጠናት ግን የቀድሞው ተማሪ ያስፈልጋል። ይህንንም የሚያደርግ የሙያ ባልደረባ ከሁሉ አስቀድሞ ቤቱ የጐደለው ምን እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለበዓል ከመታየትም በየወሩ ጥቂት ሰዓት መስጠት ይበልጣል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዳሞ ሲመለሱ የያዙት መምህራቸው ያልነበራቸውን ነበር። አባ ጊዮርጊስም አገልግሎታቸውን የጀመሩት በወፍጮው ነው። ከዚህ የሚያንስ ሥራ የለም፤ ከዚህም የተነሣ አቅም የለኝም ብሎ የሚቀር ተመራቂ ሊኖር አይገባም።